ሼሁን ያስቆመ እግር

ፈትሂያ የገዛ ራሷን መቀጠር የሰማችው በግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳ መባሉ ለክብሩ ያህል ነው እንጂ ኮምፔንሳቶ ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ቤት የሚያከራይ ሰው አንዱን ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ይከፍልና የሁለት ክፍል ኪራይ ይቀበላል። በወዲያኛው በኩል ወንድሟ ኢዘዲን ከሚስቱ ከሪሀናና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይተኛል፤ በወዲህኛው እሷ፣ ኢዘዲን ገበያ አውጥቶ ከሚሸጣቸው ሻንጣዎች ጋር ተጠጋግታ ትተኛለች። በዚህ ግድግዳ ሳልም ሐሜትም እኩል ያልፋል። የሱብሒን ሶላት ሰግዳ መስገጃዋን እያጠፈች ሳለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚስቱ ሲያወራ ሰማችው፤ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የጎረቤት ጆሮ እንደሚቆም ረስቶታል መሰለኝ። ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለችው ሴትዮ እሺ ብላለች አለ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ፈትሂያ እዚያ ትገባለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ማደሪያዋም እዚያው ይሆናል። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄዶ ለአሠሪዋ ለዳሀቦ ራሱ ይነግራታል። «እህትህ የሼሁን ቃል በእግሯ እየረገጠች ነው አሉ የምትጽፈው» እየተባለ ከመስጊድ አንገቱን ደፍቶ መውጣት ሰልችቶታል። ሪሀና ለፈትሂያ ነግሯት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ለእሷ ደግሞ ምን ይነገራል» አለ።

ከሰማችው ሁሉ ያንገበገባት ይኼ ነው። የሰው ቤት ሠርቶ መብላት ነውር አይደለም፤ ሐርጌሳ የመጣች ሰሞን እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ምንጣፍ ስታራግፍ ኖራለች፣ ያኔም ቢሆን በእጇ ያፈረችበት ቀን የለም። አሁን ግን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወንበር አላት፣ ጠረጴዛ አላት፣ በከተማው ውስጥ አማርኛ በፍጥነትና ያለ ስሕተት ይጻፍልኝ የሚል ሰው ስሟን ጠርቶ ነው የሚመጣው። ይኼንን ሁሉ ወንድሟ ከአንድ መኝታና ከሦስት ጊዜ ምግብ ጋር ለውጦ ሲያበቃ ለእሷ የሚነገር ነገር አልታየውም። ፈትሂያ መስገጃዋን አራት ቦታ አጠፈችና ከሻንጣዎቹ ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። ሰው የሚያለቅሰው የሚያደርገው ሲያጣ ነው፣ እሷ ደግሞ እስከ ዐስር ድረስ አሥር ሰዓት ያህል ጊዜ ነበራት።

በእግሯ ትጽፋለች የሚለው ወሬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውሸት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የሚኒባስ በር ግራ እጇ ላይ ተዘግቶ ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ደርቀው ቀሩ። አማርኛ በኮምፒውተር የጻፈ ሰው ያውቀዋል፤ ጠን፣ ጨን፣ ኘን ለማምጣት ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ግድ ነው፣ ያንን ቁልፍ የሚይዘው ደግሞ ያው ትንሿ ጣት ነው። ሥራውን ሁሉ ለቀኝ እጇ ብትሰጠው አንጓው አበጠባት። ሌላ ሰው ቢሆን ኪቦርዱን ይሰናበት ነበር። ፈትሂያ ግን ገበያ መሀል ስልክም የልብስ ስፌት መኪናም የሚጠግን ባሬ የሚባል ሰው ዘንድ ሄዳ፣ ከተሰባበሩ የስፌት መኪናዎች ላይ ሦስት ፔዳል አስመርጣ፣ የአሮጌ ኪቦርድ ሆድ ዕቃ አስከፍታ ሽቦ አስበየደችበት። ባሬ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ሦስቴ አቃጥሎ በአራተኛው ሠራለት፣ አሥራ ስምንት ዶላር ተቀበለ። ኮምፒውተሩ ፔዳሎቹን እንደ ኪቦርድ ነው የሚያያቸው፣ ጣት ይሁን እግር ይንካቸው ግድ የለውም። መሀለኛው ሺፍት ነው። የግራው በማዳመጫ የምትሰማውን ድምፅ ያስቆምላታል፣ ደግሞ ያስቀጥልላታል። የቀኙ አምስት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልስላታል። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት እግርና ስምንት ጣት፣ አሥር ጣት ያላቸውን ቀደሙ።

ቁርስ ላይ የቅጥሩን ነገር ማንም አላነሣም። እንጀራ የሚመስለው ላሆህ ሞቅ ያለ ነበር፣ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል። ኢዘዲን ውኃ የሚያመጣው ሰውዬ ዛሬ ይመጣ እንደሆን ጠየቀ፤ ሪሀና በርሜሉ ላይ ሁለት ሺህ ሽልንግ ጨምሯል አለች፤ እሱ ደግሞ ዝናብ እስኪመጣ እንግዲህ እንዲህ ነው አለ። ከዚያ ሁለቱም ሰሐናቸውን ማየት ጀመሩ። ፈትሂያ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። አባታቸው ኮምቦልቻ ላይ ሲሞት እሷ አሥራ አንድ፣ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ደብተር የገዛላት እሱ ነው፣ ድንበር አቋርጦ እዚህ ያደረሳት እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሪሀና ሳትጠየቅ አንድ ላሆህ ጨመረችላትና እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ሪሀና እጇ ለጋስ የሚሆነው ጥፋተኝነት ሲሰማት ነው፣ ይኼንን ፈትሂያ ድሮ ታውቃለች። ላሆሁን በላች፣ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ወጣች።

የዳሀቦ ጽሕፈት ቤት ከአንድ መድኃኒት ቤት ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ምንጣፍ ስለተነጠፈበት ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ደንበኛም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን። ዳሀቦ በልጅነቷ በስደት ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ውኃ ነው፤ ስትናደድ ብቻ ወደ ሶማሊኛ ትሻገራለች። ሥራው ብዙ ነው፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ ለእርዳታ ድርጅቶች የቃለ መጠይቅ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ። ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ ትልቁ ሥራ የሼህ ጀማሉዲን ነው። ሼሁ የወሎ ሰው ናቸው፣ ሰባውን አልፈዋል፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ለስደተኛው ሁሉ፣ ለተሸካሚውም ለቤት ሠራተኛውም፣ ደርስ የሚሉትን ትምህርታቸውን በአማርኛ ይሰጣሉ። ደረሳዎቻቸው በስልክ የቀዱት አርባ ደርስ አለ፤ ነጋዴዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መጽሐፍ ይሁንልን ብለው ለዳሀቦ አመጡ፤ ዳሀቦም ለፈትሂያ ሰጠቻት።

ከጎኗ የሚሠራው ናስር ገና ሳትቀመጥ ዓይኑን አሸሸ። ናስር ደግ ልጅ ነው፣ ችግሩ ምላሱ ነው። ፈትሂያ ማዳመጫዋን ሳታነሣ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረችና መስጊድ ውስጥ ምን ብሎ እንደነበር ጠየቀችው። ቀልዱን ነው አለ። ከሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ሼሁ ሲያስተምሩ አንድ ሰው እንኳ ማሳል እንደማይደፍር ሲወራ፣ «እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ፈትሂያ ግን በእግሯ እርግጥ ስታደርጋቸው ጸጥ ይላሉ» ብሎ ነበር። ሳቁ፤ ከሳቁት መሀል ሁለቱ ቤታቸው ሲደርሱ መሳቃቸውን ትተው ተቆጡ፤ በማግስቱ ወሬው ኢዘዲን ሱቅ ደረሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ናስር ላቡን እየጠረገ ይቅርታ ጠየቀ፣ እንዲያውም ሄዶ ለሁሉም ቀልድ ነበር ይላቸው ዘንድ አሰበ። ፈትሂያ ተወው አለችው። ቀልድ የሚብራራ ነገር አይደለም፤ ባብራሩት ቁጥር የባሰ ከባድ ይሆናል።

ዳሀቦ ከናስር ይልቅ ግልጽ ነበረች። ትናንት ማታ ገንዘቡን ካዋጡት ነጋዴዎች አንዱ ደውሎላት ነበር። የሼሁ ቃል በእግር እየተጻፈ መጽሐፉን ሰው አይገዛውም፣ ሥራው ለወንዱ ልጅ ይሰጥ ብሏታል። ወንድሟም ዛሬ እመጣለሁ ብሎ መልእክት ልኳል። ዳሀቦ ሻዩዋን አማስላ ስታበቃ፣ ከእሷ የተሻለ ጸሐፊ እንደሌላት፣ ናስር በሦስት ወር የማይጨርሰውን እሷ በስድስት ሳምንት እንደምትጨርስ ተናገረች። ቀጥላ ደግሞ፣ ወንድም መጥቶ እህቴን ልውሰድ ካለ ከሰው ቤተሰብ መሀል እንደማትገባ፣ በዚህ ከተማ እንዲህ ያደረገ ሱቅ ከፍቶ እንደማይውል ነገረቻት። «አባዮ፣ ወላሂ እወድሻለሁ» አለቻት፤ እህቴ እንደማለት ነው፤ ሰው ሊያሰናብትሽ ሲል የሚያቀርብሽ ነገር አለው።

ፈትሂያ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ሥራዋን ሠራች። አሥራ ዘጠነኛውን ደርስ እስከ እኩለ ቀን ጻፈችው፤ የቀኝ እግሯ ሲመልስ፣ የግራው ሲያስቆም፣ ጣቶቿ ሲከተሉ፣ ቁጣዋ እየቀዘቀዘ ወደ ሐሳብ ተለወጠላት። ስለ ፔዳሉ የመስጊዱ ሰው ቃል ተሰምቷል፣ የነጋዴው ተሰምቷል፣ የወንድሟ በኮምፔንሳቶ በኩል ተሰምቷል። ተረግጠዋል የተባሉትን ሰው ግን እስካሁን የጠየቃቸው የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። የዙህር አዛን ሲሰማ ተጣጥባ፣ ጽሕፈት ቤቱ ጥግ ላይ ሰገደች፤ ከዚያ ሦስቱን ፔዳሎች ከነሽቦአቸው ነቅላ በላስቲክ ከረጢት ከተተቻቸውና ላፕቶፑን እንድታውሳት ዳሀቦን ጠየቀቻት። ዳሀቦ የት እንደምትሄድ ስትጠይቃት፣ «ባለቤቱ ዘንድ» አለቻት። ዳሀቦ አየት አደረገቻትና ላፕቶፑን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠቻት፣ ከዐስር በፊት ተመለሺ ብቻ ነው ያለቻት።

በዚያ ሰዓት ሐርጌሳ ይዘጋል። የሱቅ በር እየወረደ፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ እንደ ጡብ የደረደሩትን ሽልንግ በሸራ እየሸፈኑ፣ ወንዱ ሁሉ ወደ ጥላ ይሄዳል። መሀል ከተማ ወርዳ ሁለተኛ ሚኒባስ ያዘችና ሼሁ ወደሚኖሩበት ወደ ዳሚ ሰፈር አቀናች። አጠገቧ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ከረጢቱ ውስጥ የተንጠለጠለውን ሽቦና ፔዳል አይታ ልብስ ሰፊ መሆኗን ጠየቀቻት፤ ሰፊ አይደለሁም ብትላትም አላመነቻትም፣ አንድ ቀሚስ አላት፣ ከወገቡ ጠቦባታል፣ በስንት ትሰፋላታለች? ፈትሂያ እንዲህ ያለውን ሥራ ከባሬ ሱቅ አጠገብ ያለ ሰፊ በሁለት ዶላር እንደሚሠራላት ነገረቻት። ከአስፋልቱ ወርዳ በቆርቆሮ ቤቶቹ መሀል፣ ፍየሎች ካርቶን በሚበሉበት መንገድ ስትሄድ ልቧ አንዴ ብቻ ደንገጥ አለ፤ ሼሁ አይሆንም ቢሉስ? ያኔ ነገሩ በቃ አለቀ፣ ከእሳቸው በላይ ይግባኝ የሚባልበት ሰው የለም። ቢሆንም ፊት ለፊት ተነግሯት ይሁን። መንገዷን ቀጠለች።

የሼሁ ቤት አንድ ክፍልና አንድ ዳስ ነው። ዳሱ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቴምር እየበሉ ነበር፤ ባለቤታቸው በሩ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ፈትሂያ ሰላምታ ሰጠች፣ ስሟን ተናገረች፣ የኮምቦልቻ ልጅ መሆኗን፣ መጽሐፋቸውን የምትጽፈው እሷ መሆኗን ነገረቻቸው። ሼሁ የቴምሩን ፍሬ ከአፋቸው አወጡና እግሯን አዩ።

«አንቺ ነሽ አሉ የምትረግጪኝ» አሏት።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ፈትሂያ ፊቷ ጋለ፣ ነገር ግን አንገቷን አልደፋችም። ስለሷ የተነገረው ሳይሆን የምትሠራው ነገር ምን እንደሆነ ቢያዩላት ብላ መምጣቷን፣ ከዚያ በኋላ ይቅርብሽ ካሉ እንደምትተው ነገረቻቸው። ይኼን ስትል እውነቷን ነበር። ሼሁ ምንጣፉን መታ መታ አደረጉላት። ላፕቶፑን ከፈተች፣ ፔዳሎቹን መሬት ላይ ደረደረች፣ የደረቁትን ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻቸው፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ደርስ አስጀመረች። ሼሁ የገዛ ድምፃቸውን ሰምተው አያውቁም ነበር። እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ «እንዲህ ነው እንዴ የማፏጨው» አሉ፤ ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲያ መሆኑን መሰከሩ። ፈትሂያ ጻፈች። ግራ እግሯ ሲነካ የቀረጻው ሼህ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ሲነካ ይናገራሉ። እውነተኛው ሼህ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አንሥተው እግሯ ላይ ተከሉት። የቀረጻው ሼህ ትምህርቱ መሀል ላይ የቁርአን አንቀጽ መቅራት ጀመሩ። ፈትሂያ እጇ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፣ ሦስት ቃል አምልጧታል፤ እግሯ ግን ከፔዳሉ ላይ ተነሣና አየር ላይ ቆየ። አንቀጹ ተቀርቶ እስኪያልቅ አልወረደም። ሲያልቅ ወረደና አስቆመ፣ የቀኙ ወደ ኋላ መለሰ።

ሼሁ ይኼን ማን እንዳስተማራት ጠየቋት። ማንም አላስተማራትም፤ ቁርአን መሀሉ ላይ መቁረጥ ደስ ስለማይላት ነው፣ ጊዜ ቢፈጅባትም። እግሯ ንጹሕ መሆኑን ጠየቋት። ዙህርን ሰግዳ መምጣቷን፣ የምትሠራውም ጫማ በሚወልቅበት ምንጣፍ ላይ መሆኑን ነገረቻቸው። ይኼን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ፍርዳቸውን ቢሰጡ ይበቃት ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የገጠማት፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለማንም መናገር ያልደፈረችው። ደፋር ሰው ሲደፍር በደንብ ነው የሚደፍረው። አሥራ አራተኛውን ደርስ አወጣችና ይስሙልኝ አለቻቸው። ሼሁ ስለ ቅጥር ያስተምራሉ። ሰው ሰውን ሲቀጥር ቅጥሩ የሚጸናው በሦስት ነገር ነው ይላሉ። አንደኛ፣ ሥራው የታወቀ ይሁን። ሁለተኛ፣ ክፍያው የታወቀ ይሁን። ከዚያ አንድ ቀጣሪ ስለከለከለው ደሞዝ ታሪክ ያመጣሉ፣ ታሪኩ ሌላ ታሪክ ይወልዳል፣ የመግሪብ አዛን ይሰማል፣ ደርሱ ያበቃል። ፈትሂያ አስቆመችው።

ዘጠኝ ጊዜ መልሳ እንደሰማችው ነገረቻቸው። ሦስተኛው የለም። ወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ ትታለታለች፣ ከራሷ መጨመር ስላልቻለች።

 ባለቤታቸው ምስር መልቀማቸውን አቆሙ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ደግመሽ አሰሚኝ አሉ። ሰሙት። በቀረጻው ውስጥ ደረሳዎቹ በየዐረፍተ ነገሩ «ናዓም፣ ናዓም» ይላሉ፣ አዎን እንደማለት ነው፤ ሰባ ሰው ያህል ይሆናሉ፣ ሁለት ሲቆጠር ሦስት መስሏቸው ሁሉም ናዓም ብለዋል። ለሼህ ናዓም ማለት አደብ ነው፤ ቆይ ያ ሼህ፣ ሦስተኛው ቀርቷል ማለት ደግሞ ማንም የማያደርገው ነውር ነው። ሼሁ ጺማቸውን ያዙ።

«ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ» አሉ፤ «ያስቆመኝ ሰው የለም። ስንቱን ጎዶሎ ነገር ትቼ ናዓም እየተባልኩ ሄጃለሁ ማለት ነው።» ከዚያ ቀና አሉ። «ሰው ወደ መስጊድ በምኑ ነው የሚሄደው? በእግሩ አይደለም? ጻፊ ልጄ። አንቀጹን አስጨርሺ እንጂ እኔን ባሻሽ ቦታ አስቁሚኝ።»

ፈትሂያ የለበሰችውን ሻርፕ ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጠረገች። ሦስተኛውን ነገር ግን ሼሁ እንዲሁ በቃል አልነገሯትም፤ የጎደለው በቀረጻ ነው፣ የሚሞላውም በቀረጻ ይሁን ብለው ጉሮሯቸውን ጠርገው እንድትቀዳ አዘዟት። እሷ ስለ ጋአን ሊባህ ሴትዮ፣ ስለ ወንድሟም አንዲት ቃል አልተነፈሰችላቸውም ነበር። የፔዳሉን ነገር ልትጠይቅ ነው የመጣችው፤ የቤቷን ገበና ለሼህ ማውጣት አልወደደችም። ሼሁ ግን ለሠላሳ ዓመት ከፊታቸው የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ድምፃቸውን አስተካክለው ተናገሩ፤ ፈትሂያ ቀረጻውን ብታስጀምርም መጻፉን ረሳችው። ሲጨርሱ ሁለት ቴምር መዳፏ ላይ አኖሩላትና ወደ ሥራሽ ሂጂ አሏት።

ዐስር ሲደርስ ወንበሯ ላይ ነበረች። ፔዳሎቹ በቦታቸው፣ ሽቦው በቦታው። ለዳሀቦ ቀረጻውን አሰማቻት፤ ዳሀቦ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ሃዬ» አለች፣ እሺ እንደማለት ነው፣ ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ፈትሂያ ልቧ በሰላም ይመታ ነበር። ወንድሟ ሲመጣ ምን እንደምትለው አላዘጋጀችም፤ በቃል ከእሱ ጋር ተከራክራ አሸንፋ አታውቅም፣ ቢሸነፍም እንኳ ሲሸነፍ ማየት አትፈልግም። ኢዘዲን ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም። ምንጣፉን ሲያይ ጫማውን አወለቀ፤ የግራው ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ስለነበር እግሩን ከእግሩ ኋላ ደበቀ። ለዳሀቦ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የመጣበትን ጉዳይ ሊናገር ትንፋሹን ሳበ።

«ወንድሜ» አለችው ፈትሂያ፣ «መጀመሪያ ይኼን ስማው። ሼሁ ዛሬ ለመጽሐፉ የተናገሩት ነው።»

የሼሁ ስም ሲነሣ እምቢ ማለት አልቻለም። ናስር ወንበሩን ለቀቀለት። ፈትሂያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጋ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ እያየ በግራ እግሯ አስጀመረችው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም፣ እሷ ግን ቃል በቃል ታውቀዋለች። ሼሁ እንዲህ ነበር ያሉት፤ በአሥራ አራተኛው ደርስ ሦስት ብዬ ሁለት ብቻ ተናግሬ ነበር፤ የምትጽፈው ልጅ አስቁማ አስታወሰችኝ፣ አላህ ኸይር ጀዛዋን ይክፈላት። ሦስተኛው የተቀጣሪው የራሱ ፈቃድ ነው። እዚህ አገር ስንቷን ልጅ አባት፣ ወንድም፣ አጎት ለሰው ቤት ይሰጣታል፤ ሥራው ይታወቃል፣ ክፍያው ይታወቃል፣ እሷን የጠየቃት የለም። ያልተጠየቀች ሰው ቅጥር ቅጥር አይደለም። አንቺስ ምን ትያለሽ በሏት።

ኢዘዲን ፊቱ መጀመሪያ ላይ ለሼህ የሚሰጠው ፊት ነበር፣ ዓይኑ ወደ መሬት፣ ከንፈሩ ለናዓም የተዘጋጀ። ከዚያ ከንፈሩ ቆመ። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ያዘ። ቀረጻው አለቀ፤ እሱ ግን አላወለቀውም። «መልሺው» አላት፣ ጮክ ብሎ፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው እንደሚናገር። ፈትሂያ በቀኝ እግሯ ፔዳሉን ደጋግማ ነካችው፤ በነካችው ቁጥር እግሯን አየ። ሰማ። እንደገና መልሺው አለ። በሦስተኛው ጊዜ የትኛው ቦታ ላይ እንደደረሰ ከዓይኑ ታውቅ ነበር።

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። አባታቸው ከሞተ ወዲህ አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ደብተር ገዝቶላታል፣ አሞት አስታማዋለች፣ ብዙ ነገር ተባብለዋል፣ ይኼ ዓይነት ዝምታ ግን በመካከላቸው ወድቆ አያውቅም። ኮምፔንሳቶ የሌለው ዝምታ ነው። ዳሀቦ የማያስፈልግ ወረቀት ታገላብጣለች፣ ናስር መስኮት ያያል።

«አንቺስ» አላት ኢዘዲን፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ፈትሂያ ይኼንን ጥያቄ ከእሱ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ልታለቅስ የነበረችው አሁን ነው፣ ግን የተጠየቀ ሰው መልስ መስጠት አለበት።

«አልሄድም» አለችው።

«መኝታ ቤቱ ሰፊ ነው ብላለች።»

«ይሁን። እዚህ የምሠራውን በደንብ ስለምችለው ነው የማልሄደው።»

ራሱን ነቀነቀ። መስጊድ ውስጥ ስለሚያወሩትስ አላለም፤ ጠረጴዛው ሥር፣ የእህቱን ሁለት እግሮች በሦስቱ ፔዳሎች ላይ ተቀምጠው አያቸው፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ። ውጭ ሊወጣ ተነሥቶ ነበር፣ ሐሳቡን ለወጠና እዚያው ፊቷ ቆሞ ደወለ። የጋአን ሊባህ ሴትዮ ስታነሣ በተሰባበረ ሶማሊኛው ሰላምታ ሰጣት። ሴትዮዋ ገና ሳትሰማው ስለ ቅዳሜ ማውራት ጀመረች፤ ታገሣት። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል እየፈለገ ነገራት፤ ቃል የሰጠሁሽ ሳልጠይቃት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሁን ጠየቅኋት፣ እህቴ አልፈቀደችም።